ተሰብሮ የሚታደስ ትውስታ፦ ከወለቃ እስከ ዳባት የሸክላ ሥራ ታሪክ

ከጎንደር ተነስቶ በወለቃ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሁለት ስፍራዎችን ያገናኛል፤ በደቡቡ ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የፋሲል ግቢ ይገኛል፣ በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው የወገራ ደጋና የሰሜን ተራሮች ግርጌ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ፣ ሆኖም ስለ ሕዝቡ ኑሮ ከግንቡ ባላነሰ የሚናገር ሌላ ቅርስ አለው፤ እርሱም ለብዙ መቶ ዓመታት በሴቶች እጅ ሲሠራ የኖረው የሸክላ ዕቃ ነው። ሸክላ ተሰባሪ በመሆኑ፣ ሠሪዎቹም ስማቸውን በሥራቸው ላይ የማይጽፉ በመሆናቸው፣ ይህ ሙያ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የአካባቢውን ያለፈ ዘመን ለመረዳት የሚሻ ሰው ከዜና መዋዕሉ ቀጥሎ ሊመለከተው የሚገባው ምድጃውንና በምድጃው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ ትውስታ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረው ዕቃን ሳይሰበር በማቆየት ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም የተሰበረውን ደግሞ ደጋግሞ በመሥራት ነው።

ዳባት ከጎንደር በስተ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወገራ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ከብትና በግ የሚረባበት ብርዳማ አገር ነው። በእንዲህ ያለው አገር የአንድ ቤት ሙሉነት የሚለካው በጓዳው ባለው የሸክላ ዕቃ ጭምር ነበር። ከሁሉ የሚገዝፈው ጋን ሲሆን፣ ለድግስ የሚጠመቀው የገብስ ጠላ የሚቀመጠው በእርሱ ውስጥ ነው፤ እንስራ ሴቶች በጀርባቸው አዝለው ከምንጭ ውኃ የሚያመላልሱበት አንገተ ጠባብ ዕቃ ነው፤ ማሰሮና ገንቦ ከእርሱ አነስ ብለው እርሾን፣ ጠላንና ቅቤን ለመሳሰሉት ያገለግላሉ። ድስት ወጥ ይሠራበታል፣ ምጣድ እንጀራ ይጋገርበታል፣ አክንባሎ የተባለው ክዳን ደግሞ እንጀራው እስኪበስል እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። እነዚህ ሁሉ ጉልቻ በሚባሉት ሦስት የምድጃ ድንጋዮች ዙሪያ የሚኖሩ ናቸው፤ ሲሰበሩም እንኳ ስባሪያቸው፣ ማለትም ገሉ፣ ፍም መያዣና ዕጣን ማጨሻ ሆኖ ያገለግላል እንጂ ወዲያው አይጣልም።

በሰሜንና በወገራ፣ እንዲሁም በጎንደር ዙሪያ ይህን ዕቃ በብዛት ሲሠሩ የኖሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። ቤተ እስራኤል በኦሪት ሕግ፣ ማለትም በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ሥርዓት የሚኖር፣ ቅዳሜን በጽኑ የሚያከብር፣ የራሱ ካህናትና መነኮሳት የነበሩት ማኅበረሰብ ሲሆን፣ የሰሜን ተራሮች ለረጅም ጊዜ የኃይሉ ማዕከል ነበሩ። ጌዴዎን እየተባሉ የሚጠሩት መሪዎቹ ገደላማዎቹን አምባዎች ምሽግ አድርገው ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ሲዋጉ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1579 ጀምሮ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በተከታታይ ዘመቱባቸው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ደግሞ የዐፄ ሱስንዮስ ጦር የመጨረሻውን ተቃውሞ ሰብሮ ነፃነታቸውን አከተመ። ሰሜን ምናጣ የተባለው የመነኮሳት መንደር ግን ከሽንፈቱም በኋላ ለብዙ ዘመን የአካባቢው ቤተ እስራኤል የሃይማኖት ማዕከል ሆኖ ዘልቋል።

የሸክላው ሥራ ታሪክ ከዚህ የጦርነት ታሪክ ሊነጠል አይችልም። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል የሰው ክብርና ዋስትና የተመሠረተው በርስት፣ ማለትም ከአባት ወደ ልጅ በዘር በሚተላለፍ የመሬት መብት ላይ ነበር፤ በትውፊት እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. ከ1414 ጀምሮ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ክርስትና ያልተነሱትን ቤተ እስራኤል ከርስታቸው ነቅለዋል፣ በኋላ የመጡት ሽንፈቶችም ይህንን መነቀል አጠናቀዋል። ስለ ቤተ እስራኤል ታሪክ የጻፉት ጄምስ ኩዊሪንና ስቲቨን ካፕላን እንደሚያስረዱት፣ መሬት ያጣው ሕዝብ ቀስ በቀስ በሌላ ሰው መሬት ላይ እያረሰ ወደ መኖር፣ ማለትም ወደ ጭሰኝነት፣ እንዲሁም ወደ እጅ ሙያ ተገፋ፤ ወንዶቹ ብረት መቀጥቀጥን፣ ሸማ መሥራትንና ግንበኝነትን፣ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላን የኑሮ መሠረት አደረጉ። ስለዚህ በዳባት ገበያ ለሽያጭ የሚቀርበው ማሰሮ የጥበብ ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ ርስት የተነፈገ ማኅበረሰብ በሌላው መሬት ላይ ቆፍሮ ካገኘው አፈር የራሱን ኑሮ እንዴት እንደ ሠራ የሚመሰክር ሰነድም ነው።

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የሙያተኞቹ አስፈላጊነት እጅግ ጨመረ፤ ለግንቦቹና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ሥራ ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ተቀጠሩ፣ ከእነርሱም መካከል ለአገልግሎታቸው መሬትና ማዕረግ ያገኙ ነበሩ። በገጠሩ ያለው ግንኙነት ግን ከፍላጎትና ከፍርሃት የተሠራ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ያለ ቀጥቃጩ፣ እንጀራውን ያለ ሸክላ ሠሪዋ ሊያገኝ አይችልም ነበር፤ ዳሩ ግን እሳትንና አፈርን ወደ ሌላ ነገር የሚለውጠውን ባለ እጅ ቡዳ ነው፣ ማለትም ሰውን በዓይኑ ይበላል ብሎ ይፈራው፣ ይርቀውና አንዳንዴም ይበድለው ነበር። ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው የኦሪትን የንጽሕና ሕግ በመጠበቅ ከሌላው ጋር መነካካትን ይርቁ፣ ከገበያ ሲመለሱም በወንዝ ይታጠቡ ስለ ነበር መንደራቸው ብዙ ጊዜ ውኃ አጠገብ ይቆረቆር ነበር። ፍርሃትና የንጽሕና ሕግ ባቆሟቸው በእነዚህ ሁለት ግንቦች መካከል ያለ ከልካይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የኖረው ማሰሮው ነው፤ ሠሪዋን ከደጁ የማያስገባ ቤት እንኳ የእጇን ሥራ በጓዳው መካከል አስቀምጦ ዕለት ዕለት ይበላበትና ይጠጣበት ነበር።

አሠራሩ በተሽከርካሪ ጎማ የማይታገዝ፣ ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚከናወን ነው። ሴቶቹ ከሚያውቁት ጉድጓድ የሸክላውን አፈር ቆፍረው ያመጣሉ፣ በፀሐይ ያደርቁታል፣ ወቅጠውና ነፍተው ድንጋዩንና ሥራሥሩን ያወጡለታል፤ ከዚያም በውኃ አርሰው እንደ ሊጥ ያቦኩታል። አፈሩ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና በእሳት ውስጥ ስለሚፈነዳ፣ የተሰበረ ገል ተደቁሶ ከጭቃው ጋር ይደባለቃል፤ አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈው ድቃቂ ለአዲሱ ጭቃ ጽናት ይሰጠዋል፣ ሙቀትንም እንዲችል ያደርገዋል። እዚህ ላይ የሙያው ምሥጢር ብቻ ሳይሆን ታሪኩም ይገኛል፤ እያንዳንዱ አዲስ ዕቃ በውስጡ ከእርሱ በፊት የነበረን ዕቃ ስባሪ ይዟልና። ያ ስባሪም ቢሆን በተሠራ ጊዜ ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ስባሪ ተጨምሮበት ስለ ነበር፣ በዛሬው ማሰሮ ጭቃ ውስጥ የአያቶችና የቅድመ አያቶች ማሰሮ ድቃቂ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጭቃው ከተቦካ በኋላ ሠሪዋ ታችኛውን ክፍል ከአንድ ድቡልቡል አበጅታ፣ የተንከባለለ ጭቃ በዙሪያው እየደራረበች ግድግዳውን ወደ ላይ ታሳድጋለች፤ ዕቃው ባለበት ተቀምጦ እርሷ ጎንበስ ብላ ትዞረዋለች ወይም በገል ላይ አድርጋ በእጇ እያዞረች ትሠራዋለች። ውስጡን በቅል ስባሪ ፍቃ ታሳሳዋለች፣ ውጩን በእርጥብ ቆዳ ትወለውለዋለች፣ ግማሽ ሲደርቅም ከወንዝ በመጣ ልሙጥ ድንጋይ እያሸች ታለሰልሰዋለች፤ ይህ ድንጋይ በዓመታት አገልግሎት የራሱ መዳፍ የሚመስል ጎድጓዳ ስለሚያበጅ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሣሪያ ይሆናል። ዕቃው በጥላ ሥር በዝግታ ከደረቀ በኋላ በኩበት፣ በጭድና በጭራሮ ተሸፍኖ በሜዳ ላይ ይተኮሳል። ያልታሰበ ነፋስ የተነሳ እንደሆነ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ የእሳቱን ቀንና ሰዓት መምረጥ ልምድ ያላቸው ሴቶች ሥራ ነው። ጥቁር መልክ ሲፈለግ ዕቃው ገና እንደ ጋለ በጭድ ወይም በቅጠል ታፍኖ ጢሱን እንዲጠጣ ይደረጋል፤ ወደ ኋላ የምናያቸው የወለቃ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች በጥቁረታቸው የታወቁት በዚህ ዘዴ ነው።

ሸክላ ከእሳት ሲወጣ ግን ሥራው አላለቀም፤ ገዢዋ ቤቷ ወስዳ ታሟሸዋለች፣ ማለትም ለአገልግሎት እንዲበቃ ታለማምደዋለች። አዲስ ምጣድ በተደቆሰ ጎመን ዘር እየታሸ ደጋግሞ ይጋላል፤ ቅባቱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ሲያጠቁረውና ሲያለሰልሰው እንጀራው ሳይጣበቅ መነሳት ይጀምራል። ጋንም እንዲሁ በግራዋ ቅጠል እየተፈተገ ይታጠባል፣ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ጥቂት ጊዜ ከተጠመቀበት በኋላም ግድግዳው የጌሾውንና የብቅሉን ጠረን ይዞ ይቀራል። በዚህ መንገድ ዕቃው ሁለት ሠሪዎች አሉት ማለት ይቻላል፤ አንደኛዋ ቅርጹን የሰጠችው ባለ እጅ ናት፣ ሁለተኛዋ ደግሞ በዓመታት አጠቃቀም ጠባዩን ያበጀችው የቤት እመቤት ናት። በደንብ የሟሸ ምጣድ በሰፈር ተዋሰው የሚጋግሩበት፣ ሲሰበርም እንደ ትልቅ ኪሳራ የሚታይ ንብረት የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው፤ በላዩ ላይ የተቀመጠው የአንዲት ሴት የብዙ ዓመት ሥራ በገንዘብ ተመልሶ አይገዛምና።

የቤተ እስራኤል ሴቶች ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ልዩ ልማድ ነበራቸው። የፋሲካ በዓል ሲቃረብ፣ እርሾ ያለበት ነገር ከቤት ሁሉ እንዲወገድ የኦሪት ሕግ ስለሚያዝ፣ ብዙ ቤተሰቦች ዓመቱን ሙሉ ሲገለገሉባቸው የቆዩትን የሸክላ ዕቃዎች ይሰብሩና በአዲስ ይተኩ ነበር። ሸክላ የያዘውን ነገር ሁሉ ወደ ውስጡ ስለሚመጥ ቢታጠብም እርሾው ከቀዳዳዎቹ አይወጣም፤ ስለዚህ የግብፅን ባርነትና ከዚያም መውጣትን የሚያስታውሰው ቂጣ እርሾ ያልነካው አዲስ ዕቃ ይሻ ነበር። የሚጠብቁትን ሳይሆን የሚሰብሩትን ዕቃ የትውስታ ምክንያት ያደረገ ልማድ ብርቅ ነው። በየዓመቱ ጓዳው ባዶ ይሆናል፣ በየዓመቱም እናት ከልጇ ጋር ተቀምጣ ያንኑ ቅርጽ፣ ያንኑ ውፍረት፣ ያንኑ የአንገት መጥበብ ደግማ ትሠራለች፤ በዚህም ምክንያት የጥንቱ ዕቃ ባይኖርም የጥንቱ አሠራር ሳይቋረጥ ይዘልቃል። በዓሉ ለሃይማኖቱ የሚያደርገውን ያህል ለሙያውም ያደርግ ነበር፤ ማንኛዋም ልጃገረድ ሙያውን ሳትማር እንዳታድግ የሚያስገድድ ዓመታዊ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯልና።

የጽሑፍ ታሪክ ስለዚህ ዓለም የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1855 ደጃች ካሣ ኃይሉ የሰሜኑን ገዢ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ አሸንፈው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በዚያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ የጦሩ ብዛትና የዘውዱ ሥርዓት ተጽፎ ቆይቷል፤ ያን ያህል ሠራዊት የሚበላበትንና የሚጠጣበትን ዕቃ ማን እንደ ሠራ ግን የጻፈ የለም። ዕቃው ራሱ ደግሞ ጸሐፊዎቹ ያልዘገቡትን ለውጥ ይመሰክራል። ለምሳሌ ጀበና ዛሬ ከማንኛውም የደጋ ቤት የማይጠፋ ዕቃ ቢሆንም፣ ቡና ለረጅም ዘመን የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ደጋ ይነቀፍ ስለ ነበር፣ በሰፊው የተለመደው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። ስለዚህ በአንድ ጓዳ ውስጥ ከጋኑ አጠገብ የቆመው ጀበና በሁለት የተለያዩ ዘመናት የተጀመሩ ልማዶች ጎን ለጎን መኖራቸውን ያሳያል፤ የሸክላ ሠሪዋም እጅ ገበያው የጠየቀውን አዲስ ቅርጽ በአሮጌው ዘዴ እየተቀበለ መሄዱን ይመሰክራል።

ከውጭ የመጡ ተጓዦችና ተመራማሪዎች ለዚህ ሕዝብ ትኩረት መስጠታቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ስለ ቤተ እስራኤል የሰማውንና ያየውን በስፋት ጽፏል፤ ጆሴፍ አሌቪ በ1867 እና 1868፣ ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1947 መጥተው ጸሎቱንና መጻሕፍቱን መርምረዋል። ዕቃን በመሰብሰብ በኩል ከሁሉ የሚጠቀሰው በማርሴል ግርዮል የተመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ለወራት ጎንደር ተቀምጦ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አንስቷል። ቡድኑ በመላው የአፍሪካ ጉዞው የሰበሰባቸው ከ3,000 በላይ ዕቃዎች ዛሬ በፓሪስ በሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በአገር ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ባቋቋመው ሙዚየም የቤት ዕቃን እንደ ታሪክ ማስረጃ አክብሮ ማሳየት ጀምሯል። በአብዛኛው የዓለም የብሔረሰብ ጥናት ስብስብ ግን አንድ የጋራ ጉድለት ይታያል፤ ዕቃው የተገኘበት አገርና የተሰበሰበበት ዓመት ሲመዘገብ፣ የሠራችው ሴት ስም አይመዘገብም።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ጎንደርን ከሰሜኑ አገር ጋር በሊማሊሞ በኩል የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ ሲሠራ፣ ወለቃ፣ ዳባትና ደባርቅ በአዲሱ መሥመር ላይ ዋሉ። መንገዱ የተሠራው ለጦር ቢሆንም፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የጎንደርን ግንቦችና የሰሜንን ተራሮች ለማየት የሚመጣው ጎብኚ በእርሱ ይመላለስ ጀመር፤ ከጎንደር በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ወለቃም መኪና የሚቆምባት መንደር ሆነች። ጎብኚ ጋን ጭኖ ወደ አገሩ ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ሴቶቹ በመዳፍ የሚያዙ ትናንሽ ምስሎችን በብዛት መሥራት ያዙ። እነዚህን ምስሎች ያጠኑት ስቲቨን ካፕላንና ሓይም ሮዘን እንዳመለከቱት፣ ሥራው ሠሪዎቹ ራሳቸውን ለውጭ ሰው የሚገልጹበት መንገድ ሆኖ አድጓል። ኦሪት የያዘ ካህን፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ የይሁዳ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ በአንድ አልጋ የተኙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ በግና ወፍ የተለመዱ ርእሶች ሆኑ።

ከእነዚህ መካከል እንስራ ያዘለችው ሴት ምስል በቅርብ ሊታይ ይገባል። ቁመቷ ከአንድ ስንዝር የማይበልጠው ይህች ሴት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ሁለት እጆቿን በደረቷ ላይ አቆላልፋለች፣ የእንስራው ክብደት በጀርባዋ መታጠፍ ይታወቃል፤ ፊቷ በጥቂት ጭረትና ቀዳዳ ብቻ ተመልክቷል፣ እንስራው ግን አንገቱና ከንፈሩ ሳይቀር ተሟልቶ ተሠርቷል። ሠሪዋ ይህን ቅርጽ በሙሉ መጠኑ ዕድሜዋን ሁሉ ስትሠራው የኖረች ስለሆነ እጇ ከፊቱ ይልቅ ለእንስራው ይታመናል። በዚህች ምስል ላይ የሙያው ታሪክ ወደ ራሱ ዞሮ ይታያል፤ ውኃ ሊይዝ የሚችል ዕቃ ሲሠራ የኖረ እጅ ውኃ የማይይዝ እንስራን ሠርቶ፣ ከእርሱም ጋር ተሸካሚዋን ጨምሮ፣ የሚገለገሉበትን ነገር ወደሚያስታውሱበት ነገር ለውጦታል። ሥዕል ቤትም ሆነ የሥነ ጥበብ ትምህርት ያላዩ ሴቶች በዕለታዊ ዕቃ አማካይነት ያለፈን ኑሮ መመርመር የጀመሩት እንዲህ ነው።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ይህን ሥራ ይበልጥ ከባድ ትርጉም ሰጡት። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ ለቤተ እስራኤልም የመሬት መጠቀሚያ መብት ቢሰጥም፣ የዘመኑ ጦርነት፣ ስደትና ድርቅ ተስፋውን አጨለመው። ከ1972 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሰሜን፣ የወልቃይትና የትግራይ ቤተ እስራኤል በእግር ወደ ሱዳን መጓዝ ጀመሩ፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ብዙ ሺህ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ሰባት ሺህ ያህል ሰዎች ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። በሌሊት ተነስቶ በረሃ የሚያቋርጥ ቤተሰብ ጋንና ምጣድ ሊሸከም አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ለብዙ መቶ ዓመታት ዕቃ ሲሰብርና ሲተካ የኖረው ሕዝብ በዚህ ጊዜ ዕቃውን ሳይሰብረው ትቶት ሄደ፣ የሚተካውን እጅ ግን ይዞት ሄደ።

የዚህ መለያየት ውጤት በሁለቱም አገር ታይቷል። በእስራኤል ሸክላ ሠሪ የነበሩ ሴቶች በማያውቁት አፈርና በኤሌክትሪክ ምድጃ የቀድሞውን ቅርጽ ለመሥራት ተገደዱ፤ ጋንና ምጣድ የሚገዛ ሰው ባለመኖሩም ሥራቸው በአብዛኛው ወደ ምስል ዞረ፣ የትውልድ መንደር፣ የጸሎት ቤት፣ በእግር የተደረገው ጉዞ የጭቃው ርእስ ሆኑ። ከእነርሱ በኋላ የተማሩ ሠዓሊዎች የወጡ ሲሆን፣ በ1983 ዓ.ም. በሕፃንነቷ በሰሎሞን ዘመቻ የሄደችው ኒሪት ታከለ የማኅበረሰቡን ታሪክና ትረካ በትላልቅ ሸራዎች ላይ በመሳል ትታወቃለች። በወለቃ በኩል ደግሞ ሙያው ከእነርሱ ጋር ሲሠሩ ወይም ሲያዩ በነበሩ ሌሎች ሴቶች እጅ ቀጠለ፤ ለኑሮ የተቸገሩ ሴቶችን ሸክላና ሽመና የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎችም ተከፈቱ። የዳዊት ኮከብ ያለበትን አንበሳ ዛሬ የምትሠራው ሴት ብዙ ጊዜ ክርስቲያን ናት። ይህን ሐሰተኛነት ነው ብሎ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ሙያው እጅ ለእጅ ተላልፎ መኖሩ ራሱ የጎረቤትነት ማስረጃ ነውና። ነገር ግን ምስሉ የሚወክለው ኑሮ ከሠሪዋ ኑሮ ስለ ተለየ፣ ትርጉሙን የሚያስረዳ ሰው ካልኖረ ቅርጹ ብቻውን ቀርቶ ታሪኩ ሊጠፋ ይችላል።

በዳባትና በደባርቅ ጓዳዎችም ለውጡ ፈጣን ሆኗል። የላስቲክ ጀሪካን ቀላልና የማይሰበር በመሆኑ እንስራን ከምንጩ መንገድ አስወጥቶታል፤ የብረትና የአሉሚኒየም ድስት የሸክላውን ድስት ወደ በዓል ቀን ገፍቶታል፣ ጋኑም በላስቲክ በርሜል እየተተካ ነው። ለሴቶች ጀርባ የጀሪካን መምጣት እፎይታ መሆኑን መካድ አይገባም፤ ሙሉ እንስራ አቀበት ማውጣት ከባድ ሸክም ነበር። ምጣድ ግን አልተረታም፤ በከተማው የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ መጋገሪያው ከሸክላ የተሠራ፣ እንደ ጥንቱ በጎመን ዘር የሚሟሽ ነው። ጀበናም እንዲሁ ቦታውን አልለቀቀም። ከዚህ የሚታየው፣ የሸክላ ዕቃ የሚኖረው ለመታሰቢያነት ብቻ ተብሎ በተጠበቀበት ቦታ ሳይሆን፣ ሌላ ዕቃ ሊሠራው የማይችለው ተግባር ባለበት ቦታ መሆኑን ነው፤ ሙያውን ለማቆየት የሚያስብ ሁሉ ከዚህ ሊነሳ ይገባል።

በአሁኑ ዘመን የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ የዕለት ዕቃን ወደ ትውስታ መመርመሪያነት የመለወጥ ሥራ በዓለም ደረጃ እውቅና አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ኤልያስ ስሜ በመርካቶ ከምናለሽ ተራ የሚሰበስባቸውን አዝራሮች፣ ቆርኪዎች፣ ክሮች፣ የኮምፒዩተር ሽቦዎችና የቁልፍ ሰሌዳዎች እየሰፋና እየገመደ ግዙፍ ሥራዎችን ያበጃል፤ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው የዞማ ሙዚየምም በጭቃና በጭድ የግንባታ ጥበብ ታንጾ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሸልሞታል፣ በ2022ም ሥራዎቹ በቬኒስ ቢየናሌ ታይተዋል። ይህ ክብር የሚገባ ክብር ነው፤ የሰው እጅ የዳሰሰው ተራ ዕቃ ታሪክ እንዳለው ማሳየት ትልቅ ሥራ ነውና። ይሁን እንጂ በሰው እጅ የሟሸን፣ የተሰበረን፣ የተደቆሰንና በአዲስ ጭቃ ውስጥ ዳግመኛ የገባን ነገር የሥራቸው መሠረት አድርገው የኖሩት የሰሜን ግርጌ ሴቶች ከእርሱ በብዙ ትውልድ ይቀድማሉ፤ በእርሱና በእነርሱ መካከል ያለው ዋነኛ ልዩነት እርሱ በስሙ የሚታወቅ ሲሆን እነርሱ ግን ስማቸው አለመጻፉ ነው።

ይህን ጉድለት ማረም ዛሬም ይቻላል፤ ሙያውን የሚያውቁ አረጋውያን ሴቶች በወገራም፣ በወለቃም፣ በእስራኤልም ገና በሕይወት አሉና። መደረግ ያለበት አሮጌ ጋን ከየጓዳው ለቅሞ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ከጋኑ ጋር የሠራችው ሴት ስም፣ አፈሩ የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ የገሉ መጠን፣ የእሳቱ ዓይነት፣ የማሟሻው ሥርዓትና ዕቃው ያገለገለበት ድግስ ሊመዘገብ ይገባል። ከዚህም ይልቅ ሙያው የሚተላለፍበት መንገድ፣ ማለትም አንዲት ልጅ ከምታውቅ ሴት አጠገብ ተቀምጣ የምትሠራበት ጊዜና ለሥራዋ ተገቢውን ዋጋ የሚከፍል ገበያ፣ መጠበቅ አለበት። የጎንደር ግንቦች በእንክብካቤ ሊቆዩ ይችላሉ፣ ድንጋይ ናቸውና፤ ሸክላ ግን ዕድሜ የሚያገኘው ደግሞ በመሠራት ብቻ ነው። ግንቡን ያነጸውን ግንበኛና ለግንቡ ነዋሪ ማሰሮ ያቀረበችውን ሸክላ ሠሪ ያወጣው አንድ ማኅበረሰብ መሆኑን የሚያውቅ ትውልድ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለውን ቅርስ በሁለት ጫፎቹ ብቻ ሊቆጥር አይችልም።